አሥራ አንድ ነገሥታት፣ አንድ ሚካኤል

ሟቹ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ሥር በጎኑ ወድቋል። አንድ እግሩ ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ባዶ ነው። አጠገቡ ከባድ የነሐስ መቅረዝ ተጋድሟል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስኒ ከነማንኪያው ቀርቧል፤ አንዱም አልተነካም።

እኔን ከሬሳው ይልቅ ያስፈሩኝ ስኒዎቹ ናቸው። ሽማግሌው ገዳዩን ሻይ ሊጋብዝ ነበር ማለት ነው።

ስለ ፍርሃት ካነሳሁ አይቀር ልናገረው፤ እኔ ፈሪ ነኝ። አድነው እባላለሁ፣ ስቶክሆልም ፖሊስ ውስጥ የወንጀል ኢንስፔክተር ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሠርቼ አሁንም የማላውቀው በር ሲከፈት ሆዴ ይላወሳል። እናቴ «ፈሪ ለእናቱ ነው» እያለች ታጽናናኛለች። ባልደረቦቼ ግን ይህን አያውቁም።

ሟቹ ስቱሬ ይባላል። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጡረታ የወጣ የላቲን መምህር፤ ኩንግስሆልመን ላይ ሦስተኛ ፎቅ ብቻውን ይኖራል። እጆቹ ክፉኛ ስለሚንቀጠቀጡ ጠዋትና ምሳ ሰዓት ላይ ከሄምትየንስት፣ ማለትም ከቤት ለቤት ረዳቶች፣ አንዲት ሴት ትመጣለታለች። ዕለቱ ማክሰኞ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ ኅዳር 21 ቀን 2006። የሞተው ከረፋዱ አራትና አምስት ሰዓት መካከል ነው ተባልኩ። በሩ አልተሰበረም።

«ይህን እይ» አለችኝ የአሻራ ባለሙያዋ።

ጥቁር ከፋይ የተነጠፈበት ጠፍጣፋ ሣጥን ተከፍቶ ተቀምጧል። አሥራ አንድ የወርቅ ሳንቲሞች በየጎድጓዳቸው ተደርድረዋል። ከአሥራ አንዱም ላይ አንድ ዓይነት ሰው ፊት ለፊት ትክ ብሎ አየኝ፤ የራስ ቁር የደፋ፣ ጦሩን ትከሻው ላይ ያጋደመ የሮማ ንጉሠ ነገሥት። የያዘው ጋሻ ላይ ፈረሰኛ ጠላቱን ይወጋል። ለአበሻ ዓይን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው።

መሳቢያው ውስጥ ያገኘነው ዝርዝር ግን አሥራ ሁለት ሶሊዱስ፣ ማለትም የሮማ የወርቅ ሳንቲም፣ ይላል። አሥራ ሁለተኛዋ ማንጠልጠያ ያላት ናት፤ አልጋው ራስጌ ላይ ትሰቀል ነበር። ሚስማሩ አለ፤ ሳንቲሟ የለችም።

አለቃዬ በስልክ ነገሩን ጨርሶ ጠበቀኝ።

«ቁልፍ ያላት ረዳቷ ናት። አንድ ወርቅ የለም። እሷም ከሥራዋም ከቤቷም የለችም። ምን ቀረህ?»

«ስሟ ማን ይባላል?»

ወረቀት ሲያገላብጥ ሰማሁት። እንደምንም አድርጎ አነበበው፤ ሸዋሉል።

ያገሬ ሰው ናት። ሴትዮዋ ገዳይ ሆና እንዳትገኝ ፈራሁ። ወዲያው ደግሞ ከዚያ የባሰ ፍርሃት መጣብኝ። እሷ ካልገደለች፣ የገደለው ሰውም እየፈለጋት ነው።

*

ዩልስታ የምድር ባቡሩ ሰማያዊ መስመር መጨረሻ ነው። የወይዘሮ ሸዋሉል ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ርሆቦት ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ፣ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። እኔ በአማርኛ ስጠይቅ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች።

«እናትሽ የት ናቸው?»

«አላውቅም።»

«ልብሳቸውን ይዘዋል?»

«አላውቅም አልኩህ።»

ውሸቷን እንደሆነ ገብቶኛል። ጣቶቿ የሹራቧን እጅጌ እየጎተቱ ይተረትሩታል።

«ርሆቦት፣ አለቃዬ ዓርብ ጠዋት ፎቶግራፋቸውን ጋዜጣ ላይ ሊያወጣ ነው። ከዚያ በፊት ካላናገርኳቸው ልረዳቸው አልችልም።»

የሹራቧን እጅጌ ለቀቀችና፣ «ስለ አባቴ የምታውቀው ነገር አለ?» አለችኝ። «እኔ ስወለድ አልነበረም። ሁለት ሰዎች በር አንኳኩተው በጨዋ ቃል ነው የወሰዱት። 'ለጥያቄ ትፈለጋለህ' አሉት። እስከዛሬ አልተመለሰም። እናቴ ይኸው እዚህ ሃያ አራት ዓመት ኖራ ፖሊስ ስታይ መንገድ ትሻገራለች።»

'ለጥያቄ ትፈለጋለህ' የምትለውን ብቻ በአማርኛ ነበር ያለቻት። ያቺን ቃል ከእናቷ አፍ ስንት ጊዜ ሰምታት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ቁጥሬን ወረቀት ላይ ጻፍኩላት።

«በር አላንኳኳም፤ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። እሳቸው ይደውሉልኝ።»

*

ስቱሬ አንድ የወንድም ልጅ ነበረው፤ ቶሚ ይባላል። ሜርስታ አጠገብ የኤርፖርት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ባለፈው ሳምንት አጎቱን የአረጋውያን ቤት ግባ ብሎ ደረጃው ላይ ጮኾበታል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። እኔም እሱ በሆነ ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ ኃጢአቴን ልናገር።

ከአሥራ አንዱ ሳንቲሞች አንዱን ፊቱ አስቀመጥኩለት። ጥፍሩ በጠቆረ ጣቱ ወዲህና ወዲያ አገላብጦ፣ ክንፍ ያለው ምስል ወደ ላይ እንደሆነ ጣለው።

«መልአክ ነው? አጎቴ ስለዚህ ነገር ማውራት ሲጀምር እንቅልፌ ይመጣ ነበር። የጮኽኩበት ሁለት ጊዜ ወድቆ ስላገኘሁት ነው።»

ከዚያ አለቀሰ። የመጋዘኑ የበር ካርድ ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ገብቶ ዘጠኝ ሰዓት እንደወጣ ይናገራል፤ ካሜራውም እንዲሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር የሄድኩት።

*

ሐሙስ ቀትር ላይ የሠራሁት ስሕተት ይኸውላችሁ።

ሳንቲሞቹን መመርመር የነበረበት ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ ሁለት ሳምንት አለኝ፤ እኔ ደግሞ የቀረኝ አንድ ቀን ነው። የስቱሬን ዝርዝር ያዘጋጀው ሰው ስም ከግርጌው ተጽፏል፤ ክርስቲያን፣ አሮጌው ከተማ ጋምላ ስታን ውስጥ የጥንት ሳንቲም ነጋዴ። ደወልኩለት፣ ወዲያው መጣ።

ሽክ ያለ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ነጭ የጥጥ ጓንት አጠለቀና አሥራ አንዱን ሳንቲሞች ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። ከከረጢቱ ሲወጡ አራት አምስቱ በክንፉ በኩል ወድቀው ነበር። እያወራኝ ሳለ እነዚያን ባንድ ጣቱ እየገለበጠ ሁሉንም ንጉሡ ወደ ላይ እንዲያይ አደረጋቸው። እኔም ጣቱን አይቻለሁ። አየሁ እንጂ አላስተዋልኩም።

«ድሮ ነገሥታቱ ወደ ጎን ነበር የሚያዩት» አለኝ። «ይኼኛው ፊት ለፊት ያይሃል። ለምን ይመስልሃል? ንጉሡን በዕድሜው የማያየው ገበሬ እንኳ ሳንቲሟን ሲይዝ እንዲፈራው ነው። ወርቁ በሄደበት ዓይኑ አብሮ ይሄዳል።»

«ጀርባው ላይ ያለውስ? መልአክ ነው?»

«ብዙ ሰው ይሳሳታል። የድል አምላክ ናት፤ የጣዖት ዘመን ሴት። ነገሥታቱ ክርስቲያን ሲሆኑ እሷን ከማባረር እጇ ላይ ረጅም መስቀል አስያዟት።» ፈገግ አለ። «አሥራ አንዱም እውነተኛ ናቸው። ያለ ጥርጥር።»

«ስቱሬ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የሄድከው መቼ ነው?»

«መስከረም ላይ። ሣጥኑን ለፎቶግራፍ ወስጄ የመለስኩ ቀን።»

ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«አንተ ነህ ልጄ፣ አድነው የሚሉህ?»

የትልቅ ሴት ድምፅ ነው። ከወንበሬ ተነሣሁ።

«እማማ ሸዋሉል! ደህና ነዎት? የት ነው ያሉት?»

«የማኅበር እኅቴ ውብነሽ ቤት ነኝ። እሷ ኤርፖርት ሥራ ገብታለች። ብቻዬን ነኝ፤ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። የምነግርህ አለኝ፤ ግን በስልክ አይሆንም።»

ቦታውን ነገሩኝ። እኔም እንዳልሳሳት ደገምኩት። ክርስቲያን ፊት ለፊቴ ጓንቱን በቀስታ እያወለቀ ነው። ግድ አልሰጠኝም፤ አማርኛ ነዋ የማወራው።

«ሜርስታ፣ ሴንትሩሙ ጀርባ፣ ሆግሁሱ፣ ፖርት ቤ። እሺ። በር የሚያንኳኳ ካስፈራዎት ሼላሩ ውስጥ ትቬትስቱጋው ጋ ይቀመጡ፤ እዚያ ማንም አያንኳኳም። አሥር ሰዓት ላይ ርሆቦትን ይዤ እመጣለሁ።»

«የውብነሽን ጨርቅ ላጥብ ብዬ ሰዓት ይዣለሁ፤ እዚያው እሆናለሁ» አሉኝ።

ክርስቲያን ተነሥቶ ጨበጠኝ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

*

ዩልስታ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው፤ ሰማዩ ከወዲሁ ጠቁሯል። ሽጉጤን ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ወጥቻለሁ። የፈሩ እናት ፊት ሽጉጥ ታጥቆ መቆም ነውር መስሎኝ ነው።

ርሆቦት ካፖርቷን እየለበሰች፣ «ስለ ሚካኤሎቹ ነገረችህ?» አለችኝ።

«ስለ ምን?»

«ሽማግሌው ሳንቲሞች ላይ ስላሉት። ክንፍ ያለውን እናቴ ሚካኤል ነው ትላለች። ሰውየው የድል አምላክ ናት ብሎ ቢያስረዳት ቢያስረዳት፣ 'መስቀል የያዘ ጣዖት የት አገር ነው ያለው?' ብላ አሳቀችው። መልአክ በፊቱ ተደፍቶ አይውልም እያለች በየጠዋቱ አቧራ ስትጠርግ ሁሉንም ትገለብጣቸዋለች። እሱም ትቶላታል። በዚያ ላይ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ከጎድጓዳቸው ሊያወጣቸው አይችልም፤ ማየት ሲፈልግ የምታወጣለት እሷ ናት።»

«ማክሰኞስ?»

«ማክሰኞማ ኅዳር ሚካኤል አይደል? ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከዚያ እንደወጣች ደወለችልኝ። 'ሁሉንም ቀና አድርጌ ተሳልሜ ወጣሁ' አለችኝ።»

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የተነሣው ፎቶግራፍ አለ። አሥራ አንድ ነገሥታት ትክ ብለው ያዩኛል። አንድም ክንፍ አይታይም።

እሳቸው ከወጡ በኋላ አንድ ሰው ሳንቲሞቹን አንሥቶ መልሷቸዋል። ስቱሬ አይችልም። ቶሚ የትኛው ፊት የትኛው ጀርባ እንደሆነ አያውቅም። ሳያስበው፣ እጁ ለምዶት፣ ንጉሡን ወደ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው። ነጭ ጓንት ያጠለቀች አንዲት ጣት ታየችኝ።

ወዲያው ደግሞ የገዛ ድምፄ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ሜርስታ። ሴንትሩም። ሆግሁስ። ፖርት። ሼላር። ትቬትስቱጋ። ሁሉም የስዊድንኛ ቃል ነው። የገነቡት እነሱ፣ ስም ያወጡለት እነሱ፤ እኛ መሃል መሃሉ ላይ 'ጀርባ' እና 'ይቀመጡ' ጣል እያደረግን አማርኛ እንለዋለን! ስማቸውን ጠርቻለሁ። ያሉበትን ሕንፃ፣ መግቢያውን፣ ምድር ቤቱን፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያውን ሳይቀር ፊቱ ቆሜ ነግሬዋለሁ። ያልገባው ነገር ቢኖር አሥር ሰዓት ማለቴ ብቻ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቦርሳዬን ጥዬ ወደ በሩ ሮጥኩ።

«ምነው? ምን ሆንክ?» አለች ርሆቦት። ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ነበር ያናገረችኝ።

*

ክርስቲያን ሱቅ ስደውል አይነሣም። እማማ ሸዋሉል የደወሉበት ስልክ ደጋግሞ ይጠራል፤ ምድር ቤት ላሉ ሰው ማን ያነሣል? እርዳታ ጠየቅሁ። ቅርብ ያለችው የፖሊስ መኪና ኡፕላንድስ ቬስቢ ላይ በደረሰ ግጭት ተይዛለች፤ ትመጣለች፣ ግን ትቆያለች አሉኝ። ርሆቦት አጠገቤ ተቀምጣ ያንኑ ስልክ ደጋግማ ትሞክራለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉት ተረት በየመብራቱ ይመላለስብኛል።

ሜርስታ ስንደርስ ርሆቦትን መኪናው ውስጥ ቆልፌባት ወረድኩ። የምድር ቤቱ ኮሪደር ሲሚንቶና ሳሙና ይሸታል። ከወዲያ ጫፍ የማጠቢያ ማሽን ድምፅ ይሰማል። በሩ ላይ ጠባብ መስታወት አለ።

አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ልብሳቸውን የሚጠብቁ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። ክርስቲያን ግራ እጁን እማማ ሸዋሉል ትከሻ ላይ አሳርፏል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ነው፤ ጠባብ ቢላ ይዟል። ሁለቱም ማሽኑን ነው የሚያዩት። ክብ መስታወቱ ውስጥ ነጭ ነጠላ ይሽከረከራል፤ በየዙሩ አንዳች ነገር ብረቱን ኳ ያደርገዋል። የማሽኑ ሰዓት 6 ይላል።

ገባኝ። የጠፋችው ወርቅ ነጠላው ላይ ተቋጥራ እዚያ ውስጥ ናት፤ እሳቸውም ነግረውታል። ማሽኑ እስኪጨርስ አይከፈትም፤ ክርስቲያን ስድስት ደቂቃ እየጠበቀ ነው። ስድስቱ ደቂቃ ሲያልቅ እሳቸውም ያልቃሉ።

5 አለ። መኪናዋ አልመጣችም። ሽጉጥ የለኝም። እግሬ ወደ ኋላ ሂድ ሂድ ይለኛል፤ እውነቴን ነው፣ አንድ እርምጃም ሄጃለሁ። ያኔ ነው ጀርባዬ የመብራት ማከፋፈያ ሣጥኑን የነካው።

4። ሣጥኑን ከፈትኩ። ከግራ ጀምሬ መቁረጫዎቹን ሁሉ አወረድኳቸው።

ማሽኑ ዝም አለ። ድቅድቅ ጨለማ። ክርስቲያን ሲነሣ አግዳሚው ሲጢጥ አለ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት እያንዳንዱን ቃል አንድ በአንድ መረጥኩ፤ አንድም የእነሱ ቃል እንዳይገባ።

«እማማ፣ መሬት ላይ ይተኙ! ከዚያ በግድግዳው በኩል እየዳኹ ወደ ድምፄ ይምጡ። ከበሩ በስተግራ ነኝ። አይናገሩ።»

«ማን ነው? ምን እያልክ ነው?» ጮኸ ክርስቲያን በስዊድንኛ። አሁን የገባው ነገር የለም፤ አንዲት ቃል እንኳ። ቢላው አየር ሲቀድ ሰማሁ። አንድ ትንሽ እጅ ቁርጭምጭሚቴን ጨበጠኝ፤ ጎትቼ ከኋላዬ አደረግሁና ድምፁ ወዳለበት ራሴን ወረወርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ክንዴ ተቆርጧል። የፖሊሶቹ ባትሪ ሲበራብን ላዩ ላይ ተቀምጬ እየጮኽኩ ነበር አሉኝ።

*

መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ካቆመበት ቀጠለ። አራት ደቂቃ አብረን ጠበቅን፤ እማማ ሸዋሉል ርሆቦትን አቅፈው፣ እኔ ክንዴን በፎጣ አስሬ።

«ከመስከረም ጀምሮ ቅር ይለኝ ነበር፤ ከራስጌዋ ጋር አስተያይቼ ያወቅሁት ግን ሰኞ ዕለት ነው» አሉ። «ሁልጊዜ ስለምስማቸው ፊታቸውን አውቀዋለሁ። ከፎቶው ከተመለሱ ወዲህ ሚካኤሎቹ ሟምተዋል፤ የመስቀሉ ፈርጥ አይታይም። የአልጋው ራስጌዋ ብቻ እንደ ድሮዋ ናት፤ እሷን ነጋዴው አልወሰዳትም። ለስቱሬ ነገርኩት። በደብዳቤ ሚዛን መዘንኩለት፤ አሥራ አንዱም ቀለሉ፤ ነጋዴው እውነተኞቹን አስቀርቶ ሐሰተኛ ነው የመለሰለት። ማክሰኞ ጠዋት ስኒ አቅርቢልኝ፣ አራት ሰዓት ላይ ክርስቲያን ይመጣል፣ እስክንነጋገር ይቺን አንቺ ዘንድ አቆዪያት ብሎ ሰጠኝ። ምሳ ይዤ ስመለስ ሞቶ አገኘሁት። ወርቁ የእኔ ነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥሯል። ማን ያምነኛል ልጄ? ማን?»

አላመኗቸውም ነበር። አለቃዬ አላመነም፤ እኔም ለግማሽ ቀን ያህል አላመንኩም።

ማሽኑ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። እማማ ሸዋሉል እርጥቡን ነጠላ አወጡና ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት። ወርቋ መዳፌ ላይ ወደቀች፤ እንደ ሰው ገላ ትሞቃለች።

መናገር ነበረብኝ። ሪፖርቱ ላይ ለመጻፍ ከመድፈሬ በፊት ለእሳቸው።

«እማማ፣ ያሉበትን የነገርኩት እኔ ነኝ። እሱ ፊት ቆሜ በስልክ... አማርኛ ስለሆነ አይሰማም ብዬ። ላስገድልዎ ነበር።»

ርሆቦት ቀና ብላ አየችኝ። እናቷ ግን የእኔን ክንድ ነበር የሚያዩት፤ ደሙ ፎጣውን አልፎ መንጠባጠብ ጀምሯል።

«ፈርተህ ነበር?» አሉኝ።

«በጣም።»

«ፈሪ ለእናቱ ነው ይባላል። ለሰው እናት ሲሆን ግን አላየሁም ነበር።» የራሳቸውን ሻሽ ፈትተው ክንዴን ደግመው አሰሩት። ከዚያ መዳፌ ላይ ያለውን ንጉሥ በጣታቸው አሳዩኝ። «በል አሁን ገልብጠው። በፊቱ ተደፍቷል።»

ገለበጥኩት። ክንፉ ወደ ላይ ሆነ።